በእኛ በኩል ደመና ነው

የትንሿ የቡራንጋ ከተማ መድኃኒት ቤት ባለቤት ግሌንዳ ፐርቴል ቅናት የሚባለውን ነገር የምታውቀው በሌላ ሰው ላይ ነበር። ደንበኞቿ የጨጓራ ኪኒን ሊገዙ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ስለ ምራታቸው ወይም ስለ ጎረቤታቸው ሲያወሯት፣ አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጥና በልቧ "ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ" ትል ነበር። በእሷ ላይ የመጣባት ስድሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። የመጣባትም በሁለት በኩል ነው፤ በባሏ በክላይቭና በአንዲት ጋላክሲ። ከሁለቱ ይበልጥ ያንገበገባት የትኛው እንደነበር እሷም እስከ ዛሬ ለይታ አታውቀውም።

ጋላክሲዋ ስም የላትም፤ በቁጥር ነው የምትታወቀው። በጋ ላይ፣ ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ገለባ በሆነበት ወቅት፣ ገና ሲመሽ በደቡብ በኩል ከፍ ብላ ትታያለች። በግሌንዳ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት መስታወት ላይ እፍ ያሉበት ትንፋሽ ነው የምትመስለው። መካከሏ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን አለች። ግሌንዳን ሃያ ዓመት ሙሉ ይዛ ያስቀረቻት ያቺ የመርፌ ጫፍ ናት። እዚያ እምብርት ውስጥ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል፤ በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየሳበ ይውጣል፤ ጋዙም ከመዋጡ በፊት ግሎ ይነድዳል። የሚዋጠው ሲበዛ እምብርቱ ይደምቃል፣ ሲያንስ ይደበዝዛል። ግሌንዳ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ሁሉ ከጓሮዋ የቆርቆሮ ቤት ገብታ፣ ጣሪያውን በሃዲዱ ላይ ወደ ኋላ አንሸራትታ፣ ያቺን ነጥብ ከጎኗ ካሉት ኮከቦች ጋር ታስተያያለች። አንድ ቀን ቦግ ትላለች ብላ ነው። ቦግ ግን አላለችም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፣ ከዚያ ሌላ የለም።

በከተማው የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ጋላክሲዋ "የግሌንዳ" ትባል ነበር። ሌላው ሰው የሳተርንን ቀለበት ሲያይ እሷ ወደዚያች ጭጋግ ትዞራለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዴስ ዊትኮም፣ ከብት አርቢ ሽማግሌ ነው፣ ባገኛት ቁጥር ይጠይቃታል።

"እንዴት ናት? በላች?"

"ጾም ላይ ናት" ትለዋለች ግሌንዳ።

"ይቺ ልጅ ልትታመምብሽ ነው" ይላል ዴስ።

ቲጋን ወደ ቡራንጋ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ሆና ነው። ሠላሳውን ብዙም ያላለፈች፣ ረጅም፣ ፀጉሯን አንዴም ደህና አድርጋ የማታስር ልጅ ነች። ትልቅ ከተማ ውስጥ ስትኖር ሰማዩን አይታው እንደማታውቅና እዚህ በመጣች በመጀመሪያው ምሽት አንጋጥጣ ስትሄድ የውሃ ማጠጫ ገንዳ ውስጥ እንደወደቀች መድኃኒት ቤት ውስጥ ስትናገር ግሌንዳ ሳቀችና፣ "ቅዳሜ ቤቴ ነይ" አለቻት። አሮጌውን ቴሌስኮፕዋን አዋሰቻት። ከየትኛው ኮከብ ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ አስተማረቻት። ጋላክሲዋንም በገዛ እጇ አሳየቻት።

"የታለች? ምንም የለም እኮ" አለች ቲጋን ዓይኗን ቴሌስኮፑ ላይ ደቅና።

"በቀጥታ አትያት። ከጎኗ እያየሽ ጠብቂ።"

"የለችም እኮ። ቆይ። ቆይ ቆይ... አለች።" ቲጋን በጨለማው እጇን ዘርግታ የግሌንዳን ክንድ ያዘች። "ግሌንዳ፣ አለች።"

በዚያ ምሽት ግሌንዳ ያልወለደቻትን ልጅ ያገኘች መስሏት ነበር።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ቲጋን የራሷን ቴሌስኮፕና ካሜራ የገዛች ጊዜ ነው። ማኅበሩ በቦውሊንግ ክለቡ አዳራሽ ሲሰበሰብ፣ ክላይቭ ፎቶ የሚታይበትን መጋረጃ ሊሰቅልላቸው መጥቶ ነበር። ክላይቭ አናጺ ነው፤ ለስብሰባው ሳይሆን ለሥራው ነው የሚመጣው፤ ሰቅሎ ሲጨርስ ወደ ቢራው ይሄዳል። ያን ቀን ግን መብራቱ ሲጠፋ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ።

መጋረጃው ላይ በቲጋን ፎቶ የመጣችው የግሌንዳ ጋላክሲ ነበረች። ጭጋግ አልነበረችም። ሁለት ትልልቅ ክንዶች ከእምብርቷ ወጥተው ተጠማዝዘዋል፤ ክንዶቹ ላይ አዲስ የሚወለዱ ኮከቦች እንደ ሮዝ ዶቃ ተሰክተዋል፤ መካከሏ ላይ ነጩ እምብርት ይነድዳል። ከዚያ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

"ግሌንዳ" አለ ዴስ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ "ሃያ ዓመት ስትነግሪን የኖርሽው ይሄን ነው? እኛ እኮ መነጽርሽን ጥረጊ ልንልሽ ተሳቅቀን ነበር።"

ሰው ሳቀ። ግሌንዳም ሳቀች። የሳቀው ግን ጥርሷ ብቻ ነበር። ቲጋን መጋረጃው አጠገብ ቆማ፣ "ግሌንዳ ነች ያሳየችኝ፤ እሷ ባትኖር የት አውቃት ነበር" አለች። ይህን ማለቷ ደግሞ ለግሌንዳ የባሰ ሆነባት፤ ምጽዋት መሰላት። ዞር ስትል ክላይቭን አየችው። ቢራውን ሳይጠጣ ይዞ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ መጋረጃውን ያያል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያቺን ጋላክሲ አንዴም እንይ ብሎ ጠይቋት የማያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ቲጋን እንደ ግሌንዳ ያለ፣ ጣሪያው የሚንሸራተት የቆርቆሮ ቤት አስፈለጋት። ያንን የሚሠራ ሰው ደግሞ በቡራንጋ ክላይቭ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ቲጋን እርሻ ይሄድ ጀመር። ግሌንዳ መጀመሪያ ምንም አላለችም። ምን ልትል ትችላለች? ራሷ ነች ያስተዋወቀቻቸው።

አንድ ቅዳሜ ራት ላይ ክላይቭ ጥብሱን እየቆረጠ፣ "ለካ ጉድጓዱ አይደለም የሚያበራው" አለ።

"የትኛው ጉድጓድ?"

"ያቺ ጋላክሲሽ ውስጥ ያለው። ሊዋጥ የተሰለፈው ጋዝ ነው እርስ በርሱ እየተፋተገ የሚግለው። እኔ እኮ ጉድጓዱ ራሱ ይመስለኝ ነበር።"

ግሌንዳ ሹካዋን አስቀመጠች። "ማን ነገረህ?"

"ቲጋን።"

"ይሄን እኔ ስንት ጊዜ ነው የተናገርኩት።"

"ለኔ?" አለ ክላይቭ። አነጋገሩ የክርክር አልነበረም፤ የምር እያሰበ ነበር። "ለኔ እንኳ የነገርሽኝ አይመስለኝም።"

ግሌንዳ ተነስታ ሳህኗን አነሳች፤ ምግቡ ግማሽ እንኳ አልተበላም ነበር። ያን ሳምንት መድኃኒት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ስለ ቲጋን ሲያነሳ ጆሮዋ ይቆማል። ቲጋን ጥጃ ለማዋለድ ስትታገል አድራ ለሥራ መጣች ሲሉ፣ ጎበዝ ነች ሲሉ፣ ሳቋ ደስ ይላል ሲሉ ትሰማለች። ሳቋ ደስ የሚል መሆኑን ግሌንዳም ታውቃለች። ችግሩ እሱ ነው።

የቆርቆሮ ቤቱ አለቀ። ክላይቭ ግን መሄዱን አልተወም። በሩ ይጣበቃል አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሃዲዱ ዘይት ይፈልጋል አለ። ከዚያ ጨረቃ ሙሉ ስለነበረች ኮከብ ማየት የሚቻልበት ምሽት አልነበረም፤ ክላይቭም በእነዚያ ምሽቶች ቤት አመሸ። ይህን ግሌንዳ ልብ አለች። ጨረቃዋ ጎድላ ሰማዩ ገና ሲመሽ መጨለም በጀመረበት የመጀመሪያ ምሽት፣ ክላይቭ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ "በሩን አንዴ አይቼው ልምጣ" አለ።

"በሸሚዝ?" አለችው።

"እንዴት ልሂድ? ራቁቴን?"

መኪናው ከግቢ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፏን አንስታ ተከተለችው።

የቲጋን እርሻ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ግሌንዳ ከመንገዱ ወጣ ብላ፣ የእህል ጎተራው አጠገብ መብራቷን አጥፍታ ቆመች። ከዚያ ሆና የቆርቆሮ ቤቱ ይታያል። ጣሪያው ተከፍቷል። ውስጥ ደብዛዛ ቀይ መብራት አለ፤ ሁለት ጭንቅላት ይታያል፤ አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው ቀና ይላል። የሚያወሩት አይሰማም። ሳቅ ግን ይሰማል፤ የቲጋን ሳቅ፣ ከዚያ የክላይቭ። ክላይቭ እንደዚህ ሲስቅ የሰማችው መቼ ነበር?

ሂጂ ግቢና ተናገሪ አለች ራሷን፤ ከመኪናዋ ግን አልወረደችም። ቁጭ ብላ ታያለች። ሰማዩ ከራሷ በላይ ጥርት ብሎ ነበር፤ አቧራ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ኮከቦቹ ቆመዋል እንጂ አይንቀጠቀጡም። እንዲህ ያለ ምሽት በበጋ ውስጥ ስንቴ ይገኛል? ግሌንዳ አንዴም ቀና ብላ አላየችም።

ከኋላዋ የመኪና መብራት መጣና አጠገቧ ቆመ። ዴስ ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ጎማ ነው?"

"አይደለም።"

"ቤንዚን?"

"ዝም ብዬ ነው ዴስ።"

ሽማግሌው እሷን አየ፤ ከዚያ ማዶ ያለውን ቀይ መብራት አየ፤ እዚያ የቆመውን የክላይቭን መኪናም አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቀልድ የፈለገና ያጣ ይመስል ነበር።

"ዝም ብሎ ለመቀመጥ ጥሩ ቦታ ነው" አለ በመጨረሻ። "ብቻ ብዙ አትቆዪ፤ ካንጋሮዎቹ በዚህ በኩል ነው የሚሻገሩት።"

ሲሄድ ግሌንዳ መኪናዋን አስነሳች። ቤቷ ተመለሰች። የራሷን ጣሪያ ሳትከፍት ተኛች። ክላይቭ ሲመጣ የተኛች መሰለች፤ እሱም ቀስ ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ።

በማግስቱ ራት በልተው ክላይቭ ሳህን ሲያጥብ ስልኩ ጮኸ። ቲጋን ነች። ድምጿ ይቆራረጣል።

"ግሌንዳ፣ እምብርቷ ደምቋል።"

"የምን እምብርት?"

"የጋላክሲዋ ነዋ። ትናንት ያነሳሁት ፎቶ ላይ አየሁት፤ ካሜራው ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ደገምኩት። ያው ነው። በፊት ካነሳሁት ጋር ሳስተያየው በጣም ነው የደመቀው። ወይ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ደግሞ..." ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንቺ በዓይንሽ እይልኝ። ሌላ ዓይን ሳያየው ለተመራማሪዎች ሪፖርት እንዳትልኪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ካላየሽው አልልክም።"

ግሌንዳ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ትናንት። ትናንት እሷ የት ነበረች? ሃያ ዓመት የጠበቀችው ነገር ከራሷ በላይ ሲበራ እሷ ከእህል ጎተራ ጥግ ተደብቃ የባሏን ጭንቅላት ትቆጥር ነበር። ያየው ደግሞ ማን ነው? እነሱ። ሁለቱ። እየሳቁ።

"በእኛ በኩል ደመና ነው" አለች።



"ደመና ነው?" አለች ቲጋን።

"አዎ። ሸፍኖታል።"

"እሺ" አለች ቲጋን። "እሺ ግሌንዳ። ሲገልጥ እንግዲህ።"

ስልኩን ስትዘጋ ክላይቭ በእጁ እርጥብ ሳህን ይዞ ያያታል። ሳህኑን አስቀመጠ፤ ወደ ጓሮ በር ሄደ፤ በሩን ከፍቶ ቀና ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። ተመልሶ ገብቶ ፎጣውን አነሳና ሳህኑን ማድረቅ ቀጠለ። ቢናገር ይሻላት ነበር።

ግሌንዳ ወጣች። ጣሪያውን ገፋች፤ ቴሌስኮፑን አዞረች፤ መንገዱን እጇ ያውቀዋል። ዓይኗን ስታስጠጋ መጀመሪያ የተሳሳተ ቦታ የመጣች መሰላት። ጭጋጓ ያው ጭጋግ ናት፤ መካከሏ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የለም፤ ኮከብ ነው ያለው። ዓይንን የሚወጋ፣ የሞላ ኮከብ። ከጎኗ ያሉትን ሁሉ በልጧቸዋል። በዚያ ሩቅ ቦታ፣ ሰው የሚባል ፍጥረት ከመኖሩ እጅግ አስቀድሞ፣ አንድ ትልቅ ነገር ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ነድዷል፤ ብርሃኑም ይሄን ሁሉ ዘመን ተጉዞ ሰሞኑን ደረሰ። ደርሶም በሌላ ሰው በር ነው የገባው።

አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ቢሆን በወደደች። ልክ ሚስጥሯን ሁሉ የምታውቅ ጓደኛ፣ ገና ትናንት ለመጣ ሰው ትልቁን ወሬዋን ቀድማ የነገረችባት ያህል ነበር። ስልኩ ኪሷ ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ አውጥታ የቲጋንን ስም አየች። መልሳ ከተተችው።

በማግስቱ እውነተኛ ደመና መጣ፤ ከምዕራብ ነጎድጓድ ይዞ ገብቶ ሁለት ቀን ዘነበ። ገበሬው ሁሉ ደስ አለው። ዝናቡ ባቆመ ማግስት ዴስ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጋላክሲሽ ቦግ አለች አሉ።"

"ሰማሁ" አለች፤ ምንም አልሰማችም ነበር።

"አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው አስቀድሞ ያስታወቀው። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ሁሉ ወደሷ ዞረዋል። የሚያሳዝነው ቲጋን ከሱ ቀድማ አይታው ነበር። የሚያረጋግጥላት ሰው ስትጠብቅ ነው ያመለጣት።"

"ማንን ነበር የምትጠብቀው?"

"ጠየቅኋት። አልነገረችኝም።" ዴስ መድኃኒቱን ኪሱ ከተተ። ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ የሳል ሽሮፑን መደርደሪያ አየ። "እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋት።"

እውነቱን ለመናገር ግሌንዳ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ቲጋንም አላገኘችውም። ከቡራንጋ ማንም አላገኘውም፤ ያገኘው አንድ የማታውቀው ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ደስታው ግን ዴስ በሩን ዘግቶ እስኪወጣ እንኳ አልቆየላትም። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ስትሸጥ የአንዷን ሴትዮ ቅባት ለሌላዋ ሰጥታ በር ላይ ሮጣ መለሰቻት።

ማታ ክላይቭ ገብቶ ሳይቀመጥ ጠየቀችው።

"ትወዳታለህ?"

"ማንን?"

"ማንን እንደሆነ ታውቃለህ።"

ክላይቭ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ግሌንዳ፣ ልጅቷ እኮ ላም ስታዋልድ ቆይታ እጇን ሳትታጠብ ብስኩት የምትበላ ሰው ነች።"

"ስለ ብስኩት አልጠየቅኩህም።"

"አልወዳትም። እንደዚያ አይደለም። እሷም እኔን የምታየኝ እንደ አናጺ ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ እንደ አጎት።"

"ታዲያ በሩ ስንት ጊዜ ነው የሚጣበቀው?"

"በሩ አንድም ቀን ተጣብቆ አያውቅም" አለ ክላይቭ። "እኔ የሠራሁት በር አይጣበቅም።"

ግሌንዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ክላይቭ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጥፍሩን ሲያይ ቆየ።

"ያንቺን የቆርቆሮ ቤት የጨረስኩ ዕለት ትዝ ይልሻል? የመጀመሪያው ምሽት። ቢራዬን ይዤ፣ ባትሪ እያበራሁ ገባሁ።"

"ትዝ አይለኝም።"

"አጥፋ፣ ውጣ አልሽኝ። አሁን ገብቶኛል፤ ዓይንሽ ጨለማውን ለምዶ ነበር፣ ባትሪዬ አበላሸብሽ። ቲጋን ነች ያስረዳችኝ። ያን ጊዜ ግን የገባኝ ውጣ የሚለው ብቻ ነው። ወጣሁ።"

"ለአንድ ቃል ሃያ ዓመት አኮረፍክ?"

"አላኮረፍኩም። በማግስቱ ትጠራኛለች ብዬ ነበር። በሳምንቱም። ከዚያ አንቺም ለመድሽው፣ እኔም ለመድኩት።" ትንሽ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነበር። "ስትወጪ በመስኮት አይሻለሁ። ሌላ ወንድ ጋ ብትሄጂ ኖሮ ሄጄ አፍንጫውን እለው ነበር። ጭጋግን ምን ይሉታል? መጋረጃው ላይ ሳያት ጊዜ፣ ለካ እንዲህ ታምር ነበር አልኩ። ምን እንደነጠቀችኝ ላያት ነው የሄድኩት። አንቺን ልጠይቅሽ አፈርኩ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ብዬ?"

ግሌንዳ ማፈሯን ታውቃለች፤ ግን ያ ንዴት አሁንም አልወጣላትም።

"ከእኔ ጋር ነበር ማየት የነበረብህ" አለች።

"አዎ" አለ ክላይቭ። "እሱስ ልክ ነሽ።" ከዚያ፣ "ደመናው ግን ምን ነበር ግሌንዳ?" አላት።

ግሌንዳ ተነስታ ለራት ሳህን ማውጣት ጀመረች።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱን ሳትከፍት ወደ ቲጋን ክሊኒክ ሄደች። ቲጋን አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ከጆሮው የስንዴ ገለባ ታወጣለች።

"አፉን ያዢልኝ" አለች ቀና ሳትል። ግሌንዳ ያዘችላት።

"ደመና አልነበረም" አለች ግሌንዳ።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ስደውልልሽ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነበር። የእናንተ ጓሮ መብራት ከዚያ ይታየኛል። ሰማዩ እኮ አንድ ነው።" ገለባውን አውጥታ በመብራት አየችው፤ ጣለችው። "በል አንተ ጨርሰሃል" አለችው ውሻውን።

"ለምን አልተናገርሽኝም ታዲያ? ለምን አልላክሽውም?"

"መጀመሪያ ምናልባት ዓይኗ ደክሟት ይሆናል፣ ደክሞኛል ላለማለት ነው አልኩ። ከዚያ ምን አስቀይሜያት ይሆን ብዬ ሳስብ አደርኩ። ከዚያ ዘነበ።" ቲጋን አሁን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል። "በክላይቭ ምክንያት ነው? ዴስ መኪናሽን ጎተራው ጋ አይቼ ነበር ብሎ ሊያሾፍ ሞክሮ መሃል ላይ ተወው።"

"በክላይቭም ነው። በጋላክሲዋም ነው። በሁሉም ነው።"

"ክላይቭ እኮ ሲመጣ ስለ አንቺ ነው የሚጠይቀኝ። ግሌንዳ ይሄን እንዴት ነው የምታየው፣ ግሌንዳ ይሄን ምን ትለዋለች። እኔ ደግሞ ቤት ሄደህ ጠይቃት እለዋለሁ፣ እንስቃለን።"

ግሌንዳ የሳቁትን ሳቅ አስታወሰች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች።

ቲጋን ውሻውን አቅፋ ወደ መሬት አወረደችው። እጇን ታጠበች። ስታደርቅ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። "ዛሬ አይሆንልኝም ግሌንዳ። አልዋሽሽም። እንደዚያ ያለ ነገር በዕድሜዬ ደግሞ አላገኝም።"

"አታገኚውም" አለች ግሌንዳ።

ከዚያ በኋላ ቲጋን ወደ መድኃኒት ቤቱ ስትመጣ ሰላም ትላለች፤ የምትፈልገውን ጠይቃ፣ ተቀብላ ትሄዳለች። ማኅበሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲቀመጥ ዴስ ስለ ጋላክሲዋ ዜና ካነበበ በኋላ የሚናገር ሰው አለ ወይ ሲል ግሌንዳ ተነሳች። ንግግር አላዘጋጀችም።

"ቲጋን ከደቡብ አፍሪካው ሰው በፊት አይታዋለች" አለች። "እንዳረጋግጥላት ደወለችልኝ። ደመና ነው አልኳት። ደመና አልነበረም። ቀንቼ ነው።"

ቲጋን መሬት መሬት ታያለች። ክላይቭ በሩ ጋ ቆሟል። ዴስ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

"ሻይ የሚፈልግ አለ?" አለ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው፤ ሰው ወደ ሻዩ ተነሳ። ማንም ወደ ግሌንዳ አልመጣም፤ ማንም አልራቃትም። ቲጋን ግን ስትወጣ በአጠገቧ አልፋ፣ "ከጓሮሽ አሁንም ትታያለች? በእኔ በኩል ዛፉ ሊጋርዳት ነው" አለች።

"ገና ሳምንት ሁለት ሳምንት ትታያለች።"

"ልመጣ እችላለሁ" አለች ቲጋን። መጥታ አየች፤ ያኔም ብዙ አላወሩም። የተነጋገሩት ስለ ነጥቧ ብቻ ነበር፤ ከየትኛው ኮከብ እንደምትደምቅ፣ ከየትኛው እንደምታንስ። ቲጋን አንዱን አለች፣ ግሌንዳ ሌላውን አለች፤ ተከራከሩ፤ ግሌንዳ እንደተሳሳተች ስታውቅ አመነች።

ቅናቱ ግን ሄደ ማለት አይደለም። ቲጋን የሚያምር ፎቶ ባሳየች ቁጥር በግሌንዳ ላይ ይነሳባታል፤ አሁን ግን ሲነሳ ታውቀዋለች፣ በስሙም ትጠራዋለች። ክላይቭም ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ይመጣ ጀመር። ጥያቄው አያልቅም። ግሌንዳ አንዳንዴ ጥርሷን ነክሳ ትመልስለታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት የቋጠርከውን በአንድ ምሽት ልታፈስብኝ ነው?" ትለዋለች።

ጋላክሲዋ ለዚያ በጋ ወደ ምዕራብ ልትገባ ስትል፣ ገና በመሸ ጊዜ ክላይቭ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ጥሎ አልነሳም አለ። ነጥቧ መደብዘዝ ጀምራለች፤ ጉድጓዱ የቀረበለትን ሊጨርስ ነው። ግሌንዳ ከኋላው ቆማ ጠበቀች። ብርድ ነበር።

"ይበቃሃል፣ ተራዬ ነው" አለችው።

"ትንሽ ቆይ።"

"ልትጠልቅ ነው እኮ ክላይቭ።"

"አየኋት" አለ እሱ፤ የሰማት አይመስልም። "ዛሬ ክንዷን ያየሁ ይመስለኛል። አንዱን።"

ግሌንዳ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። በዚህ ቴሌስኮፕ ክንዶቹ አይታዩም፤ እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ አላየቻቸውም። ይህን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር።

"በየት በኩል?" አለችው።